የመሪዎች ጉባኤ ሲወስን ሕግ ይለወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጀርመን የምኖር ጥገኝነት ጠያቂ ነኝ። “የአውሮፓ መሪዎች በስደተኞች ጉዳይ ተስማሙ” ወይም “ሳይስማሙ ተለያዩ” የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ጠበቃዬን እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ “በአንተ ጉዳይ ላይ የተለወጠ ሕግ የለም” ይሉኛል። ታዲያ መሪዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ነገር ሕግ ካልሆነ ምንድን ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጠበቃዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 15 የመሪዎቹ ጉባኤ የኅብረቱን አጠቃላይ የፖለቲካ አቅጣጫ እንደሚወስን፣ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ግን እንደሌለው በግልጽ ይደነግጋል። ሕግ የሚወጣው በሌላ መንገድ ነው፤ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን ረቂቅ ያቀርባል፣ የ27ቱ አገሮች ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤትና ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው የአውሮፓ ፓርላማ ደግሞ ረቂቁን አሻሽለው ያጸድቃሉ። ስለዚህ መሪዎቹ ጎህ ሲቀድ የሚያወጡት ጽሑፍ ፋይልዎን የያዘው ሠራተኛ ጠቅሶ የሚወስንበት አንቀጽ አይደለም። ይህ ማለት ግን ጉባኤው ጉልበት የለውም ማለት አይደለም፤ የእርስዎን ጉዳይ የሚመለከተው ሕግ ለዓመታት ቆሞ የቀረው በዋናነት በዚያ አዳራሽ ውስጥ በነበረው አለመግባባት ነው።

ጉባኤው የዛሬ መልኩን የያዘው ቀስ በቀስ ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 ማብቂያ ላይ መሪዎቹ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በቫሌሪ ዢስካር ዴስታን ግፊት በየጊዜው ለመገናኘት ፓሪስ ላይ ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ስብሰባም በማርች 1975 ደብሊን ውስጥ ተካሄደ። ከዴሴምበር 2009 ጀምሮ ደግሞ በሊዝበን ውል የኅብረቱ ሕጋዊ ተቋም ሆኖ የራሱን ፕሬዚዳንት አገኘ። ከ2024 ማብቂያ ወዲህ ቦታውን የያዙት የቀድሞው የፖርቱጋል ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒዮ ኮስታ ናቸው።

የጉባኤው ሥራ የሚያልቀው “ድምዳሜ” ተብሎ በሚወጣው ጽሑፍ ነው። ረቂቁን ብራስልስ የሚቀመጡት የየአገሮቹ አምባሳደሮች አስቀድመው አንቀጽ በአንቀጽ ይፈትሹታል። መሪዎቹ ግን ወደ አዳራሹ የሚገቡት እንደ ደንቡ ሚኒስትሮቻቸውንና አማካሪዎቻቸውን ውጭ ትተው ነው፤ ጽሑፉም የሚጸድቀው ድምፅ ተቆጥሮ ሳይሆን ሁሉም ሲቀበሉት ነው። አንድ መሪ “አልቀበልም” ካለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል፣ ካልሆነም እስኪቀበለው ድረስ ይለዝባል፤ ስብሰባው እስከ ንጋት የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ “ጉባኤው ኮሚሽኑ ይህን ሐሳብ እንዲያቀርብ ይጠይቃል” የሚል መስመር አንዴ ከገባ፣ ኮሚሽኑ እንደ ታዘዘ ቆጥሮ ይሠራበታል፤ ሚኒስትሮቹም መሪዎቻቸው የተስማሙበትን ነገር ዞረው ለመቃወም ይቸገራሉ።

ወደ ጥገኝነት ሕጉ ስንመለስ፣ ነገሩ የተበላሸው በ2015 መኸር ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሴፕቴምበር 22 ቀን 120,000 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከጣሊያንና ከግሪክ ወደ ሌሎች አባል አገሮች ለማከፋፈል በአብላጫ ድምፅ ወሰኑ፤ ቼክ፣ ስሎቫኪያ፣ ሃንጋሪና ሮማንያ ተቃወሙ። ውሳኔው በሕግ ረገድ እንከን አልነበረበትም፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2017 የሃንጋሪንና የስሎቫኪያን አቤቱታ ውድቅ አድርጓል። ሃንጋሪ ግን በዕቅዱ መሠረት አንድም ሰው አልተቀበለችም። ከዚያ ወዲህ መሪዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ አብላጫ ድምፅን ፈሩት። በጁን 2018 ጉባኤ ላይ አዲሱ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሴፔ ኮንቴ ስለ ስደት ስምምነት እስኪደረስ የሌሎቹን አጀንዳዎች ድምዳሜ ጭምር ስላገዱ ስብሰባው እስከ ንጋት ዘለቀ። በመጨረሻ በወጣው ጽሑፍም የትኛው አገር የትኛውን ማመልከቻ ይመርምር የሚለውን የደብሊን ደንብ ለማሻሻል የሁሉም መግባባት እንደሚያስፈልግ ተጻፈ። ውሉ ለዚህ ሕግ የሚጠይቀው ከአባል አገሮቹ 55 በመቶ የሚሆኑት፣ ከኅብረቱ ሕዝብ ደግሞ 65 በመቶውን የሚወክሉት እንዲደግፉት ብቻ ነበር። በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሌለው ጉባኤ ውሉ ያልጠየቀውን መስፈርት ጨምሮ ሕጉን አሰረው፤ የዚህን ዋጋ የከፈሉት ደግሞ በግሪክ ደሴቶች መጠለያዎች ውስጥ ምላሽ ሲጠብቁ የኖሩት ሰዎች ናቸው። በዚያው ሌሊት ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከባሕር የሚታደጉ ሰዎች ከኅብረቱ ውጭ የሚወርዱባቸው ጣቢያዎች ጉዳይ፣ የሚያስተናግድ አገር ስላልተገኘ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

ቋጠሮው የተፈታው በ2023 ነው። ሚኒስትሮቹ ጁን 8 ቀን ሉክሰምበርግ ላይ ፖላንድና ሃንጋሪ እየተቃወሙ በአዲሱ የጥገኝነት ሕግ ረቂቅ ላይ በአብላጫ ድምፅ የጋራ አቋም ያዙ። በዚያው ወር መጨረሻ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች ስለ ስደት የተረቀቀውን አንቀጽ አናጸድቅም አሉ፤ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሻርል ሚሼልም ጽሑፉን በራሳቸው ስም ብቻ አወጡት። ዜናው “ሳይስማሙ ተለያዩ” የሚል ነበር፤ ሕጉ ግን ጉዞውን አላቆመም፤ ፓርላማው በኤፕሪል 2024፣ ሚኒስትሮቹ ደግሞ በሜይ 2024 አጸደቁት።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ቀን እንግዲህ የጉባኤው ቀን አይደለም። አዲሶቹ ደንቦች በዋናነት ተፈጻሚ እንዲሆኑ የተቆረጠው ቀን ጁን 12 ቀን 2026 ሲሆን፣ የማመልከቻ አመራመር ሥርዓቱን የሚመለከተው ደንብ የሚሠራው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚቀርቡ ማመልከቻዎች ላይ ነው፤ ቀደም ብለው የቀረቡት በቀድሞው ሥርዓት ይታያሉ። ጠበቃዎን “መሪዎቹ ምን አሉ?” ከማለት ይልቅ ማመልከቻዎ የቀረበበትን ቀን አሳይተው የትኛው ደንብ እንደሚመለከትዎ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሚሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤስ ከዚህ ጋር አንድ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአሠራሩ ይመሳሰላል፤ በኅብረቱ ውስጥ ባለው የሥልጣን ደረጃ ግን ይለያል። የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ የመሪዎቹን ጉባኤ የኅብረቱ የበላይ አካል ያደርገዋል፤ ውሳኔውም በመግባባት፣ ያ ካልተቻለ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሰጣል። ሊቀመንበሩ ለአንድ ዓመት የሚመረጥ በሥልጣን ላይ ያለ መሪ ነው፤ የአውሮፓው ፕሬዚዳንት ግን በአገሩ ሥልጣን መያዝ አይችልም። ዋናው ልዩነት ከጉባኤው በኋላ የሚመጣው ነው። ብራስልስ ላይ የመሪዎቹን ቃል ወደ ሕግ የሚለውጥ፣ ሲያሻውም የሚያርመው ፓርላማ አለ፤ ደቡብ አፍሪካ የሚቀመጠው የመላው አፍሪካ ፓርላማ ግን እስከ ዛሬ ሥልጣኑ በምክር የተወሰነ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ውሳኔ ተግባራዊ ማድረጉ በየአገሩ መንግሥት ፈቃድ ላይ ይወድቃል።