ልጄ ጓደኛውን «በእኛ ኩባያ አትጠጣ» አለው

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። የስድስት ዓመት ልጄ ከወይጦ ጎረቤታችን ልጅ ጋር (ወይጦዎች በጣና ዳር የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው) ሲጫወት ውሎ ልጁ ውኃ ሊጠጣ ሲል ኩባያውን ቀማውና «በእኛ አትጠጣ፣ ወይጦ ነህ» አለው። ደነገጥሁ። ልጄ ሃይማኖቱን አውቆ እንዲያድግ እፈልጋለሁ፤ ሰው እንዲንቅ ግን አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ መደንገጥሽ ደግ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰምቶ የሚስቅ ወላጅ ብዙ ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ ንቀትን ከራሱ አያፈልቅም፤ ከእኛ ይሰማል። ሠርግ ቤት ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ ሲቀርብ ልጅ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛም ቸኩለን «ዝም በል፣ የእነሱ አይነካም» እንላለን። ሕፃን ሥጋውን ከሰውየው አይለይም፤ የማይነካው ሰውየው ይመስለዋል።

በወይጦዎች ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ሙስሊሞች ሆነው ሳለ ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲያርቃቸው ኖሯል። በልጅነቴ ድንጋይ ወፍጮ ይዛ የምትመጣ ወይጦ ሴት ነበረች። ውኃ ስትጠይቅ ለእርሷ ተብሎ በተለየ ቅል ይሰጣት ነበር። በእርሷ ድንጋይ የተፈጨውን እህል ግን ስንበላ አንድም ቀን አልተጸየፍንም። ይህን ያስተዋልሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ዛሬም አፍራለሁ።

አሁን ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ክፈቺ። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን «ውኃ አጠጪኝ» አላት። መቅጃ አልነበረውም፤ የሚጠጣው በእርሷ ዕቃ ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበርና እርሷም ደነቃት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን፣ ቁጥር 22፣ «መዳን ከአይሁድ ነውና» ብሎ እውነቱን ሳይሸፍን ነገራት። አንቺ ላስታርቃቸው ብለሽ የተጨነቅሽባቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጉድጓድ አፋፍ አብረው ተገኝተዋል፤ ዕቃዋን አልተጸየፈም፣ እምነቱንም አልደበቀም።

ስለዚህ ስለ ሥጋው ለልጅሽ እንዲህ በይው፦ «እኛ በሥላሴ ስም ተባርኮ የታረደውን እንበላለን፤ እነርሱም በራሳቸው ሥርዓት የታረደውን ይበላሉ። እኛ የእነርሱን እንደማንበላ እነርሱም የእኛን አይበሉም።» ይህን ያህል ይበቃዋል። «ቆሻሻ»፣ «ርኩስ» የሚል ቃል ከቤትሽ ይውጣ፤ በቀልድም ቢሆን። ውኃና ኩባያ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ የሉበትም።

ጎረቤቶችሽንም በስማቸው ጥሪ። «ወይጦ» ብዙ ጊዜ ለስድብ ስለዋለ፣ ከልጅ አፍ ሲወጣ የሕዝብ ስም መሆኑ ይቀርና ድንጋይ ይሆናል።

ልጅሽን አትግረፊው፤ ቃሉ የእርሱ አይደለም። እጁን ይዘሽ ጎረቤት ቤት ውሰጂውና መጀመሪያ አንቺ ይቅርታ ጠይቂ፤ እናቱ ስትጠይቅ ያየ ልጅ ሳይገፉት ይከተላል።

ከጓደኛው ጋር ሲውል እምነቱ እንዳይላላ የምትሰጊ ከሆነ፣ እምነት የሚጠብቀው በመራቅ አይደለም። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ለምን እንደታሰረ ዛሬ ማታ ንገሪው፤ ጓደኛው ሲጠይቀው በትሕትና ይመልስለት። እርሱም ጓደኛው በረመዳን ለምን እንደሚጾም ይጠይቀው፤ ጾም የሚያውቅ ቤት ልጅ ነውና ይገባዋል።

ያችን ኩባያ ደግሞ አደራ፣ ከሌሎቹ ለይተሽ እንዳታስቀምጫት።