ዘጠኝ ሆነን ሮም ላይ የት ሰፈር እንከራይ?

ጥያቄ፦ ሰላም የጉዞ አምድ አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። እኛ የምንኖረው ባህር ዳር ግሽ ዓባይ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ጀርመን ነው ያለው፣ እና ዘንድሮ ክረምት እማዬን ይዘን ሮም እንገናኝ ተባብለናል ምክንያቱም ወንድሜ የዓመት ልጅ አለው እማዬ ገና አቅፋው አታውቅም። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (14፣ 9 እና 4 ዓመት)፣ እማዬ፣ ወንድሜ ከነሚስቱና ከነሕፃኑ፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ ነን። እማዬ 72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም ደግሞ አትገድፍም። ወንድሜ ትራስቴቬሬ የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ሰገነት ያለው ቤት አይቶ ፎቶውን ላከልኝ፣ በጣም ያምራል። ባለቤቴ ግን ሆቴል ይሻላል ይላል። አንድ ትልቅ ቤት ነው የሚሻለው ሁለት ትናንሽ? ሰፈሩስ? ያሰብነው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ መሆኑ ራሱ ደስ ይላል፣ እግዜር ያሳካላችሁ። እኔ ብሆን ሰፈሩንም ቤቱንም የምመርጠው በእናትሽ ጉልበት ነው። ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ሲወጣ የቀኑን ልክ የሚወስነው ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ነው፣ እሳቸው ከደከሙ አንዳችሁ አብራችሁ ቤት ትቀራላችሁ፣ የወጣውም ልቡ እቤት ሆኖ ነው የሚዞረው፣ እና ያ ሁሉ ብር የወጣበት አብሮ መሆን እዛው ላይ ይበተናል።

ትራስቴቬሬ ቆንጆ ሰፈር ነው፣ አይካድም። ግን መንገዱ ሳምፒየትሪኒ በሚሏት ትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ወጣ ገባ ይላል፣ ለታመመ ጉልበትም ለሕፃን ጋሪም ፈተና ነው፣ ሜትሮ የለውም፣ ማታ ደግሞ ባሩና ሬስቶራንቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚንጫጫ ሕፃን ለያዘ ሰው አይሆንም። ባህር ዳር እኮ ሜዳ ናት፣ ደከመኝ ካሉ ባጃጁ በር ድረስ ይመጣል፣ እናትሽ የለመዱት ይሄንን ነው። ሞንቲ የሚባለውንም ለኮሎሲየም ቅርብ ነው ብለው ያሳዩሻል፣ ቅርብነቱ እውነት ነው፣ ግን ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል።

እኔ ለእናንተ የምለው ፕራቲን ነው። ፕራቲ ከቫቲካን ጎን ያለ ሰፈር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1870 በኋላ ሮም የጣሊያን ዋና ከተማ ስትሆን በፕላን የተሠራ ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳና የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ኦታቪያኖና ሌፓንቶ የሚባሉ የሜትሮ ጣቢያዎች አሉት፣ ትሪዮንፋሌ የሚባል ጣሪያ ያለው ትልቅ ገበያም እዛው አለ፣ ምስሩም ጎመኑም ቲማቲሙም ከዛ ይገዛል። (ሜትሮው ላይ ግን አሳንሰር የሌላቸው ጣቢያዎች አሉ፣ ስለዚህ ለእናትሽ ታክሲ አስቡ። 64 ቁጥር አውቶቡስም ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ወደ ቫቲካን አካባቢ ይወስዳል ግን ኪስ አውላቂ ይበዛዋልና ቦርሳ ከፊት ነው።) ሌላም ነገር አለ፣ እናትሽን ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ድሮ የኛ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንም የኖሩት እዛ ነው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደኛ ደብር ዘው ተብሎ አይገባም፣ ቢሆንም አጠገቡ ሆነው ታሪኩን ለልጆቹ ሲነግሯቸው ሌላ ነው።

ፕራቲ ከተወደደባችሁ ኤስኩዊሊኖን እዩ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ኤ እና ቢ የሚባሉት የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙበት፣ የሐበሻ ምግብ ቤትም በአካባቢው ይገኛል። ማታ ጣቢያው ዙሪያ ያለውን ግርግር ግን ከልጆች ጋር አልወደውም።

አሁን ወደ ቤቱ። ባለቤትሽ ሆቴል ያለው ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፣ ጽዳቱም ቁርሱም ሐሳብ ያቀላል፣ ግን አራት ክፍል ይዛችሁ ምናልባትም በተለያየ ፎቅ ተበታትናችሁ ማታ የምትሰበሰቡበት ሳሎን የለም፣ ወጥ ቤትም የለም። ስለዚህ ቤት ተከራዩ። አራት የእውነት መኝታ ክፍልና ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለው ከተገኘ አንድ ቤት፣ ካልተገኘ እዛው ሕንፃ ላይ ሁለት ቤት፣ መንገድ ተሻግሮ ያለውን ግን አልመክርም ምክንያቱም ማታ ማታ ሕፃን ተሸክሞ መመላለስ ይመጣል። "የእውነት" ያልኩት ወድጄ አይደለም፣ ማስታወቂያው "ለ9 ሰው" ሲል ብዙ ጊዜ ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋውንም ሶፋ ቆጥሮ ነው። እናትሽ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለጸሎት ሲነሱ ሳሎን የተኛውን ልጅ እየተራመዱ መውጣት የለባቸውም። ለሳቸው በር ያለው፣ ለመጸዳጃ የቀረበ ክፍል መጀመሪያ ይመደብ፣ ሌላው ከዛ በኋላ ይከፋፈል።

አሳንሰር አለ ሲሉሽ አትመኚ፣ ጠይቂ። የሮም የድሮ ሕንፃዎች ላይ አሳንሰሩ የተገጠመው በኋላ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ይሆናል፣ ከመግቢያው እስከ አሳንሰሩ ድረስም ደረጃ ያለው ሕንፃ አለ። ፎቁን የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ አንደኛ ፎቅ ማለት ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ደረጃው ይበዛል። ፒያኖ ሪያልዛቶ የሚል ካየሽ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ ምድር ቤት ነውና እሱም ደረጃ አለው። ለአከራዩ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ከመንገድ እስከ ቤቱ በር ስንት ደረጃ አለ፣ የአሳንሰሩን ፎቶ ላክልኝ፣ መታጠቢያው ገንዳ ነው ሻወር? ገንዳ ከሆነ ጠርዙን ተሻግሮ መግባት ለእናትሽ አደጋ ነው፣ ይለፋችሁ። ኤሲም በየመኝታው መኖሩን ጠይቂ፣ ሮም በክረምታችን 35 ዲግሪ መድረስ ብርቋ አይደለም፣ ከጣና ዳር ዝናብ ወጥቶ እዛ መግባት ለሰውነት ይከብዳል።

ጊዜውን ግን ብትቀይሩት እላለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ነው፣ እናትሽ ቅዳሴያቸውን ትተው ሮም ቢቀመጡ ልባቸው የሚያርፍ አይመስለኝም፣ በዛ ላይ በፈረንጆቹ ኦገስት 15፣ ማለትም ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚባል በዓላቸው ነው፣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሄዳችሁ ለእንቁጣጣሽ ብትመለሱ ሙቀቱም ትንሽ ይለዝባል፣ ትምህርት ቤትም አያልፍባችሁም።

ረቡዕና ዓርብ ግን የትም አይቀርም፣ ስለዚህ ሽሮና በርበሬ ያዙ። ቅቤ፣ አይብና ሥጋ ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ይወሰድባችኋል፣ ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቡናውን እዚሁ ቆልታችሁ ውሰዱ፣ ቤቱ የጭስ አላርም ሊኖረው ይችላልና ዕጣኑም ይቅር።

ሌላው፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ሲአይኤን የሚባል የመንግሥት መለያ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት፣ ከሌለው እለፉት። ወንድምሽ በካርዱ ቢከፍል ይቀላል ግን ኤርቢኤንቢና ቡኪንግ በሚባሉት የማረፊያ መያዣ ድረ ገጾችም ቢሆን ክፍያው እዛው ድረ ገጹ ላይ ይሁን፣ "ለብቻ ላክልኝ እቀንስልሃለሁ" ለሚል አከራይ ሳንቲም እንዳይልክ። የከተማው የቱሪስት ግብር ለብቻው በሰው በአዳር ይከፈላል፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉት ነፃ ናቸው፣ ስለዚህ የናንተ ሁለቱ ትናንሾችና ሕፃኑ አይቆጠሩም።

ጥያቄ፦ ቪዛ ሳይወጣ ቤት መያዝ ብር መጣል አይሆንም? ኤምባሲው ደግሞ ማረፊያ አሳዩ ይላል። (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ወደ ጣሊያን የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማረፊያ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቤት ብቻ ያዝ። እዚህ ላይ ቀኑን አስላው፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው፣ ለነሐሴ መጨረሻ ከሆነ ሚያዝያ ላይ ብታስገባ ትንፋሽ ይኖርሃል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላልሞላቸው 45፣ ከ6 በታች ነፃ ነው፣ ከላይ የጠየቀችን እህት ለስድስቱ 405 ዩሮ ትከፍላለች ማለት ነው፣ የአገልግሎት ክፍያውና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ መድን ሳይጨመር። ቪዛው ቢከለከል ይሄ አይመለስም። ቤቱን ስትይዝ ደግሞ "በነፃ የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን" የሚለውን አይተህ ከቪዛው መልስ በኋላ የሚውለውን ምረጥ፣ አንድ ሳምንት ቢተርፍህ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።