ዋሜና የቀረው ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ከጅማ አካባቢ አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ጻፈችልኝ ልበል እንጂ የላከችው የስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ነው፤ የዛሬ ልጆች መጻፍ ታክቷችኋል። ነገሯ ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ ቡናቸውን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲያደርቁ ያሠለጠነቻቸው ገበሬዎች ግማሾቹ አሁንም መሬት ላይ ያሰጣሉ። ኃላፊዋ ደግሞ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እየጠበቀ ነው። «ጋሼ፣ ‹የግንዛቤ እጥረት› ከምል ‹የአመለካከት ችግር› ብል ይሻላል?» ትላለች።

ሁለት ጊዜ ሰማሁትና ስልኩን አስቀመጥኩት። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ሐረግ እኔም አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስለ ማን እንደጻፍኩት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ቦታው ኢንዶኔዥያ ነው። ኢንዶኔዥያ ሲባል ባሊና የባሕር ዳርቻ ትዝ የሚላችሁ እሱን እርሱት። እኔ የነበርኩት በምሥራቅ ጫፍ፣ በፓፑዋ ደጋ፣ ባሊየም በሚባለው ሸለቆ ነው። ከተማው ዋሜና ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጧል፤ ከፍታው ከጅማ ብዙም አይርቅም፤ አየሩም ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በእኔ ጊዜ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወስድ መኪና መንገድ ስላልነበረው ሲሚንቶው፣ ነዳጁ፣ ሩዙ፣ ምስማሩ ሁሉ የሚገባው በአውሮፕላን ነበር። እዚያ አገር አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከመጠየቅህ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ትጠይቃለህ። ይህን ያዙልኝ።

ቡናም የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የሸለቆው ነዋሪዎች የዳኒ ሰዎች ይባላሉ፤ ዋና ምግባቸው ስኳር ድንች ነው፤ በቋንቋቸው ሂፔሬ ይሉታል። ስኳር ድንች የአውሮፕላን ሒሳብ አይከፍልም። ቡና ግን ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ተፈልፍሎና ደርቆ አንድ ኪሎ ቅሽር ይወጣዋል፤ ያ አንድ ኪሎ የመጓጓዣውን ችሎ ለባለቤቱም ትንሽ ያተርፋል። አንድ ፕሮጀክት የቡና ማድረቅ አማካሪ ሲፈልግ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው መሆኔ ብቻ እንደ ዲግሪ ተቆጠረልኝ። ዕውነት ለመናገር እኔም ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ቡና ከእኛ ወጥቶ በየመንና በሕንድ በኩል ጃቫ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ነው፤ ሆላንዶች ነበሩ የወሰዱት። እኔ ደግሞ ራሴን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ልጁን ሊጠይቅ እንደሄደ አባት አድርጌ ቆጠርኩ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የፓፑዋ ሰዎች መልካቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው ከርዳዳ ነው። አየር ማረፊያ ላይ ፖሊሱ የውጭ አገር ሰው የሚይዘውን የጉዞ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ አሳለፈኝ፤ ኋላ አፌን ስከፍት ነው ደንግጦ የመለሰኝ። መንደር ስደርስ ሽማግሌዎቹ በአስተርጓሚ «ከየትኛው ሸለቆ ነህ?» አሉኝ። ከባሕር ማዶ ነኝ ብላቸው አላመኑኝም። ልጆቹ ፀጉሬን እየነኩ «ባፓ፣ ባፓ» ይሉኝ ነበር፤ አባባ እንደማለት ነው። እንዲያ ያለ አቀባበል በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ አገሬም ውስጥ ቢሆን፣ አላገኘሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከዋሜና ወደዚያ መንደር የሚወስደው በአምስት ሰው የሚሞላ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ማረፊያው ተራራ ወገብ ላይ የተጠረገ፣ ወደ ላይ ያዘነበለ የሣር ሜዳ ነው። ጠዋት በጊዜ ካልሄድክ ደመናው ሸለቆውን ይዘጋዋል፤ የዚያን ቀን ነገር አበቃ ማለት ነው። ከመሳፈርህ በፊት ሚዛን ላይ ያወጡሃል፤ ቦርሳህን ብቻ ሳይሆን አንተንም።

የእኔ ጭነት አራት ጥቅል ነጭ ላስቲክ፣ ስልሳ የሥልጠና መጽሐፍ፣ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተርና ፕሮጀክተር ነበር። አብራሪው ሒሳቡን ሠራና ከባድ ነው፣ ግማሹ ይቅር አለ። ላስቲኩ የማድረቂያ አልጋዎቹ ጣሪያ ሊሆን የመጣ ነው። መጽሐፉ ግን ሥልጠናው ነው፤ ሥልጠናው ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል፤ የተሳታፊ ፊርማና ፎቶ ይፈለጋል። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። «ላስቲኩ በሚቀጥለው በረራ ይምጣ» አልኩ።

ሥልጠናው ያማረ ነበር። መብራት በማያውቅ መንደር ጄኔሬተሬን አስነስቼ ቀይ የቡና ፍሬ ግድግዳ ላይ አሳየሁ። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ አንዱ ወደ ኢንዶኔዥያ ቋንቋ ይመልሳል፣ ሌላው ወደ ዳኒ። አንድ ደቂቃ የተናገርኩት አንዳንዴ በሁለት ቃል ያልቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ቃሌ አምስት ደቂቃ ያስወራል። ቀይ ቀዩን ልቀሙ፣ በለቀማችሁበት ቀን ፈልፍሉ፣ አብላሉ፣ እጠቡ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ በአልጋ ላይ አድርቁ፣ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ሸፍኑ። «ዋ፣ ዋ፣ ዋ» አሉ፤ ምስጋናም እሺታም ነው። ፎቶ ተነሣን። አልጋውን ከእንጨትና ከቀርከሃ በሁለት ቀን አቆሙት፤ እኔ ያልኳቸውን ያህል ብቻ ሳይሆን አስተካክለው።

እንዴት አያስተካክሉ? ይህን ሸለቆ የውጭው ዓለም ያወቀው አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1938 በአውሮፕላን ሲያልፍበት ነው። ቁልቁል ሲያይ ያገኘው ጫካ ብቻ አልነበረም፤ በቦይ የተከፋፈለ፣ ውሃው የሚፋሰስ፣ የተስተካከለ የስኳር ድንች ማሳ ነበር። ሴቶቹ ከጨዋማ ምንጭ ውስጥ የሙዝ ግንድ ነክረው፣ አድርቀው፣ አቃጥለው ከአመዱ ጨው ያወጣሉ። ስለ ውሃና ስለ ማድረቅ ላስተምር የሄድኩት እነዚህን ሰዎች ነው።

እዚያ ሳለሁ በመንግሥት ላይ መሳቅም አልቀረኝም። መንግሥት ለነዋሪው አራት ማዕዘን፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ሠርቶ ነበር። የደጋ ሌሊት በቆርቆሮ ሥር አጥንት ይበላል። ሰዉ ቤቱን ተረክቦ ከጓሮው ሆናይ ሠራ። ሆናይ ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው፣ መሐሉ ላይ እሳት የሚነድበት ቤት ነው፤ የእኛ ጎጆ ቤት ወንድም በሉት። ጭሱ በሣሩ መሐል ቀስ ብሎ ይወጣል። በቆርቆሮው ቤት ውስጥ አሳማ አስረው አየሁና «ሳይጠይቁ የሚሠሩት እንዲህ ነው» ብዬ ለአስተርጓሚዬ ተፈላሰፍኩ። ላስቲኬ ዋሜና ተቀምጦ ነው ይህን የምለው።

የሚቀጥለው በረራ በሳምንቱ መምጣት ነበረበት። ደመና፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ ብልሽት፣ ከዚያ እንደገና ደመና። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ሩዝ ይዞ መጣ፤ ሲመለስ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ሄደ፤ ማን ይናገረዋል። እኔ በዚያ ጊዜ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ሥልጠና ላይ ነኝ። መንደሩ ላይ ደግሞ ከቀትር በኋላ በየቀኑ ዝናብ ይወርዳል። ቡናው ተፈልፍሎና ታጥቦ አልጋ ላይ ነው፤ መሸፈኛ የለም። አንድ ሁለት ቀን ከዘነበበት ይሻግታል። ሰዎቹ ማድረግ ያለባቸውን አደረጉ፤ ቡናውን ወደ ሆናይ አስገብተው ከእሳቱ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ዘርግተው አደረቁት።

እናቴ ሊሙ ውስጥ ዘር በቆሎዋን ከምድጃው በላይ ትሰቅል ነበር። ነቀዝ አይነካውም፣ እርጥበት አይገባውም። ዘሩን ልታወርድ ስትነሣ ወንበሩን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ጥላሸቱ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች። አንዴ ከወንበሩ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል፤ ወጌሻው የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ክንዷ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተቃናም። ይህ ሁሉ ስለ ቡና አይደለም። ግን ይህን ያየ ልጅ አድጎ እርጥብ ነገር የያዘ ገበሬ በዝናብ ወራት ወዴት እንደሚሮጥ አጣው።

ቡናው የእርጥበት መለኪያውን አለፈ። ቀማሹን ግን አላለፈም፤ ጭስ ጭስ ይላል ተብሎ ተመለሰ። የዚያን መንደር ምርት ገዢው በሙሉ ተወው። እኔም ዋሜና ቢሮ ቁጭ ብዬ «ምርቱ ከደረጃ በታች የሆነበት ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ጻፍኩ፦ አምራቾቹ የተሰጣቸውን ሥልጠና በሥራ ላይ አላዋሉም፤ የግንዛቤ እጥረት አለ። የቢሮው ጓሮ መጋዘን ነው። አራቱ ጥቅል ላስቲክ ሳይፈቱ እዚያ ቆመዋል። ሪፖርቱን የጻፍኩት ከላስቲኩ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ ነው፤ ጠዋት ሳልፍ አይቼዋለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሼ መንደሩ ሄድኩ። ገንዘብ የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ የመጣው ግን ቡናቸው ነው። ሆናይ ውስጥ ተቀምጠን በአስተርጓሚ ገዢው የጭስ ሽታ አይፈልግም አልኳቸው። አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ለሞተ ዘመድ ሐዘን ጣት የሚቆረጥበት የድሮ ልማድ ስለነበር ከግራ እጃቸው ሁለቱ ጣቶች አጫጭር ናቸው። ማማ ነው የምላቸው፣ እዚያ አገር እንደሚባለው። ሳቁና አንድ ነገር ጠየቁ። አስተርጓሚው አፈረ። ግድ የለም ንገረኝ አልኩት። «ገዢው ቤቱ ውስጥ እሳት የለውም ወይ? ይላሉ።»

መልስ አልነበረኝም። መጥበሻ ተውሼ ከዚያው ቡና ቆላሁ፣ በድንጋይ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ወጣቶቹ በስኳር ጠጡት። ማማ ቀመስ አድርገው ተፉትና ምሬቱ እንዲለቀኝ ብለው ለእኔ የተጠበሰ ስኳር ድንች ሰጡኝ። ቶናም በረካም አልደረስንም። ስለ ላስቲኩ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት ሦስት ቋንቋ ማለፍ ነበረበት፤ ሰበቤ ይሄ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ፕሮጀክቱ ያንን መንደር ከዝርዝሩ አወጣው። ሪፖርቴ ነው ያስወጣው እላለሁ ሁልጊዜ። አንዳንዴ ደግሞ ሐቁን ጽፌ ቢሆን ኖሮም ያስወጣው ነበር እላለሁ፤ የበረራው ወጪ ብቻ በቂ ምክንያት ነበር። የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየሁም። አስተርጓሚው በስልክ እንደነገረኝ አንዳንዶቹ ቡናውን ነቅለው ስኳር ድንች ተክለውበታል፤ ይህን ስሰማ፣ ተሳስቼ ይሆናል፣ ደስ አለኝ። ዛሬ የዋሜና ቡና ጃካርታ ካፌዎች ውስጥ በስሙ ይሸጣል። ጠጥቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው፤ የጭስ ሽታ የለውም።

እንግዲህ ምክር ተብሎ ስለተጠየቅኩ፦ ገበሬ አክብሩ፣ ማሳ ውረዱ የሚለውን ሌላው ይንገራችሁ፣ ታውቁታላችሁ። የእናንተ ትውልድ ከእኛ አንድ ነገር ይበልጣል፤ ኃላፊያችሁን ትጠይቃላችሁ፤ እኛ እንፈራ ነበር። የምታንሱበት ደግሞ ስልካችሁ ላይ ተመርጦ የሚሞላ ቅጽ መጥቶ ምክንያቱ ሁሉ በአምስት ምርጫ አልቋል። በእኔ ጊዜ ቢያንስ ውሸቱን በእጄ ጽፌዋለሁ።

አንቺ ልጄ፣ ከሁለቱ ቃል የቱ ይሻላል ብለሽኛል። አላውቅም። ሪፖርቱን አታዘግዪ፤ ደሞዝሽ ነው። ግን ከመላክሽ በፊት መሬት ላይ ያሰጡት ሰዎች ቤት ሂጂና አልጋው የት እንዳለ እይ። እንጨቱ ከየት መጣ? የአልጋውን ወንፊት ማን ገዛ? ለሁሉም ደረሰ ወይስ ለስብሰባ ለመጣው ብቻ? ወረዳ መጋዘን ውስጥም ግቢና ምን እንዳለ ቁጠሪ። ከዚያ ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ጆሮዬ ደክሟል።