ቁፋሮው ሳይጀመር ውሃሽን አስመርምሪ

እህቴ፣ በምዕራብ ፔንሲልቬኒያ የራሱ ጉድጓድ ያለው ቤት ልትገዙ እንደሆነ፣ አጠገቡም የጋዝ ቁፋሮ ሊጀመር እንደሆነ ጽፈሻል። «ማጣሪያ ብንገዛ ወይም አፍልተን ብንጠጣ አይበቃም?» ላልሽው፣ እኔ እዚያው ነኝ፤ ቤቴ አጠገብ ፍራኪንግ፣ ማለትም ጋዝ ለማውጣት ውሃና ኬሚካል በኃይል እየገፉ ጥልቅ ድንጋይ መሰንጠቅ፣ ተካሂዷል። ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ማፍላቱን እርሺው። አገር ቤት ውሃ ሲያጠራጥረን አፍልተን እንገላገላለን። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከቁፋሮ የሚመጣ ጨውና ባሪየም የሚባል ብረት ግን አይጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጭራሽ ይበረታል። ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጣት ማጣሪያም ለዚህ አልተሠራችም።

2. ቁፋሮው ሳይጀመር አስመርምሪ። የግል ጉድጓድን እንደ ከተማ ውሃ መጥቶ የሚመረምርልሽ መሥሪያ ቤት የለም። በዚያ ላይ እዚህ አገር ቁፋሮ በሌለበትም ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ያለበት ጉድጓድ ሞልቷል። በኋላ «ድሮም ነበረ» እንዳይሉሽ አስቀድሞ የተያዘ ወረቀት ያስፈልግሻል። ሚቴን፣ ክሎራይድ፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየም ይታይልሽ፤ ስቴቱ እውቅና በሰጠው ላብራቶሪ። ናሙናውን ራስሽ አትቅጂ። እኛ ቤት የመጣው ባለሙያ ከውሃ ማለስለሻው (ከውሃው ማዕድን የሚቀንሰው መሣሪያ) በፊት ካለው ቧንቧ ነው የቀዳው። ትንንሾቹን ብልቃጦች እስከ አፋቸው ይሞላና ይገለብጣቸዋል። አንዲት አረፋ ካየ ደፍቶ እንደገና ይሞላል፤ ጋዙ ወደ አረፋው ስለሚያመልጥ።

3. ኩባንያው «ውሃሽን ልመርምር» ብሎ ሲመጣ በር አትዝጊበት። ይሄን ማንም አይነግርሽም። በፈረንጅ 2012 የወጣው አክት 13 የሚባል የፔንሲልቬኒያ ሕግ አለ። ጉድጓድሽ ከጋዝ ጉድጓዱ በ2,500 ጫማ ውስጥ ከሆነ፣ ውሃውም ሥራው ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበላሸ፣ ሕጉ ያበላሸው ኩባንያው ነው ብሎ ይገምታል። አይደለሁም ካለ የማስረዳቱ ሸክም የሱ ነው። ቅድመ ምርመራውን ከከለከልሽው ግን ኩባንያው «እንዳልመረምር ተከለከልኩ» ብሎ ይከላከላል፤ ሸክሙም ወዳንቺ ይዞራል።

ጎረቤቴ በዚህ ነው የተጎዱት። ደግ ሽማግሌ ናቸው። ጋዝ ኩባንያ አይወዱም፤ መርማሪውን ከግቢ አባረሩት። ከኩባንያው በሪኮማንዴ የመጣላቸውን ደብዳቤም ሳይከፍቱ ጣሉት። እኔ መርማሪውን አስገባሁት፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ በራሴ ገንዘብ ሌላ ላብራቶሪ አስመጣሁ። ባለቤቴ «ድርብ ወጪ» ብላኝ ነበር።

ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የሁለታችንም ውሃ ተለወጠ። ቧንቧው ሲከፈት አየር እየተፋ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ውስጥ ውሃው እንደ ወተት ይነጣና ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይጠራል። ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የገጠር ውሃ እንዲህ ነው» አለች። ስደግምባት «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘህ ና» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። መልስ አልሰጠኋትም፤ ሁለቱን የላብራቶሪ ውጤቶች ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ከውስጥ ወጣ!

እዚያ ብቻም አልቆምኩም፤ ለስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። በሕጉ በ10 ቀን ውስጥ መመርመር፣ በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለባቸው። ተፈረደልኝ። ኩባንያው ውሃ በታንከር እያመጣ ቆየ፤ በኋላ ጋዝ ማስወጫ መሣሪያ ገጠመልኝ። ሽማግሌው ግን ዛሬም ውሃ ገዝተው ነው የሚጠጡት። ቁፋሮው እንዳበላሸባቸው ራሳቸው ያስረዱ ተባሉ፤ በምን ያስረዱ? የበፊቱ ወረቀት የላቸውም።

«ፍራኪንግ እኮ በጣም ጥልቅ ነው፤ ውሃችሁን አይነካም» ይሉሻል። ጥልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ድንጋዩ የሚሰነጠቀው ከኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ነው። ግን ጉድጓዱ ወደዚያ የሚወርደው የምንጠጣውን ውሃ በስቶ ነው። በብረት ቱቦው ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ክፍተት ካለው ጋዙ በዚያ ሽቅብ ይመጣል። ዲሞክ የምትባለውን የፔንሲልቬኒያ መንደር ፈልገሽ አንብቢ። በፈረንጅ 2009 መጀመሪያ ቀን የአንድ ነዋሪ የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። ኩባንያው ክሱን አልከራከርም ብሎ ለሰፈሩ የውሃ መስመር ሊከፍል የተስማማው በ2022 መጨረሻ ነው። ሕዝቡ ወደ 14 ዓመት ጠበቀ።

አሁን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከመሬቱ ሥር ያለው ጋዝ መብት ከቤቱ ጋር ይሸጣል ወይስ ድሮ ለሌላ ሰው ተሸጧል? እዚህ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ቁፋሮው ከጉድጓድሽ ስንት ጫማ እንደሚርቅም በካርታ አስለኪና እዚሁ ጻፊልኝ፤ የሚጠየቀውን የምርመራ ዝርዝር እልክልሻለሁ።