ለታናናሾቻችሁ አንብቡላቸው

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ ሳውስ፣ ስቀበል፣ የተገነጠለ ገጽ ስለጥፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆች መጽሐፍ ሲመርጡ ቆሜ ስመለከት ነው የኖርኩት። ስለ ንባብ ምክር ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለወላጅና ለመምህር ነው። እኔ ግን እናንተን ነው ማናገር የምፈልገው። ቤታችሁ ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አለ፤ ካልሆነም የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ አንባቢ ሆኖ እንዲያድግ ከፈለጋችሁ "አንብብ" ማለቱን ተዉትና አብራችሁት አንብቡ። የምለው ይሄንኑ ነው። ቀሪው ለምንና እንዴት የሚለው ነው።

ትንሽ ልጅ መምሰል የሚፈልገው ታላቁን ነው። የመምህሩን ትእዛዝ ይፈጽማል፣ የእናቱን ቁጣ ይፈራል፣ እናንተን ግን ይቀዳል። አነጋገራችሁን፣ አካሄዳችሁን፣ ስልክ አያያዛችሁን ሳይቀር። ቤተ መጻሕፍት መጥተው "ወንድሜ የወሰደውን መጽሐፍ ይስጡኝ" የሚሉኝ ልጆች ብዙ ነበሩ። መጽሐፉ ለዕድሜያቸው ባይሆንም ግድ የላቸውም፤ ታላቃቸው እጅ ላይ ስላዩት ብቻ ይፈልጉታል። ግድግዳ ላይ የምንለጥፋቸው የንባብ መፈክሮች እንዲህ ዓይነት ጉልበት ሲኖራቸው አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ማንበብ እንደ መናገር በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ መናገር ከጀመረ እጅግ ረጅም ዘመን አልፎታል፣ ጽሑፍ ግን ከተጀመረ ገና 5,000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ለንባብ ተብሎ የተዘጋጀ አእምሮ ይዞ አይወለድም። ፈረንሳዊው የአእምሮ ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃን እንደሚያስረዳው፣ ልጅ ፊደል ሲማር አእምሮው ፊትንና ዕቃን ለመለየት ሲጠቀምበት የነበረውን ክፍል ነው ወስዶ ለፊደል የሚያውለው። ይሄ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያደክማልም። እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን የረሳ ልጅ መጽሐፉን ቢወረውር ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ደክሞት ነው። "ይሄ ልጅ ማንበብ አይወድም" ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ገና የንባብን ጣዕም ወደሚያዩበት ቦታ ያልደረሱ፣ ድካሙን ብቻ የሚያውቁት ናቸው። አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ድካሙን ቢጋራቸው ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍና ታንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ነገር በቀላል ስሌት አስቀመጡት። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ፈትቶ ማንበብ መቻል ሲባዛ ቋንቋውን መረዳት ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ሲደመር አይደለም፣ ሲባዛ ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው። ፊደል መፍታቱን ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሁለተኛው ግን፣ ማለትም የቃላት ብዛት፣ የተረት አካሄድ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሰምቶ መከተል፣ በአብዛኛው የሚገነባው ቤት ውስጥ በጆሮ ነው። ጮክ ብላችሁ የምታነቡለት ታሪክ እዚህ ጋ ነው የሚሠራው። ልጁ በራሱ ዓይን ማንበብ ከመቻሉ ዓመታት በፊት የአንባቢ ጆሮ ይኖረዋል።

"ከልጁ ጋር እናወራለን እኮ፣ ወሬው አይበቃም?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ወሬው ግድ ነው፣ ግን አይበቃም። በእንግሊዝኛ ላይ ሄይስና አረንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ጥናት አለ። ከልጆች መጻሕፍት ውስጥ በየ1,000 ቃሉ ወደ 31 የሚሆኑ ብዙም የማይሰሙ ቃላት ተገኙ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አዋቂዎች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ ግን 17 ገደማ ብቻ። አያችሁ፣ ለሕፃን የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ከተማሩ ሰዎች ወሬ ይልቅ በቃላት ትበለጽጋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ስሌት፣ በየቀኑ አንድ መጽሐፍ የሚነበብለት ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከመጻሕፍት ብቻ ወደ 300 ሺህ ቃላት እንደሚሰማ፣ ጨርሶ ለማለት ይቻላል የማይነበብለት ልጅ ግን 5,000 እንኳ እንደማይሞላለት አሳይቷል። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ገብተው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መምህሩ እኩል ያስተምራቸዋል፣ እኩል ግን አይሰሙትም።

እንዴት ይነበብላቸዋል? ልምምድ አያስፈልገውም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ መጽሐፉን ሁለታችሁም በምታዩት በኩል ያዙት፣ ገጹን እሱ ይግለጥ። ድምፃችሁን ቀይሩ፣ አንበሳው እንደ አንበሳ ይናገር፣ አሮጊቷ እንደ አሮጊት። ልጁ መሀል ላይ ቢያቋርጣችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ጥያቄ አለው ማለት ነው። ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሙከራ ወላጆች ዝም ብለው ከማንበብ ይልቅ እያነበቡ ከልጃቸው ጋር እንዲጨዋወቱ ተደረገ። በአንድ ወር ብቻ የልጆቹ አነጋገር በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን የፈተና ጥያቄ እንዳይሆን አደራ። "የልጅቷ ስም ማን ነበር? የበሬው ቀለም ምን ነበር?" እያላችሁ ካፋጠጣችሁት በቃ፣ ትምህርት ቤቱን ቤት ድረስ አመጣችሁበት። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" "አሁን ምን የሚመጣ ይመስልሃል?" በሉት። ትክክለኛ መልስ የሌለው ጥያቄ ልጅን ያናግራል።

ያንኑ መጽሐፍ ለአሥረኛ ጊዜ ቢያመጣላችሁ አትሰልቹ። እናንተን ቢሰለቻችሁም እሱ እየተማረበት ነው። መጀመሪያ ታሪኩን ይሰማል፣ ቀጥሎ ቃላቱን ይይዛል፣ ከዚያ ገጹ ላይ ያለውን ፊደል እናንተ ከምትሉት ጋር ማገናኘት ይጀምራል። አንድ መስመር ብትዘሉበት "ዘለልክ!" ይላችኋል፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ነገር ብዙ አላውቅም።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ልጁ ራሱ ማንበብ የቻለ ቀን ቤተሰቡ ማንበብ ያቆምለታል። "አሁንማ ራስህ ትችላለህ" ይሉታል። አስቡት፣ እስከ ትናንት ድረስ መጽሐፍ ማለት ከሚወደው ሰው ጋር ተጠግቶ መቀመጥ ነበር፤ ማንበብ ቻልኩ ባለ ማግስት ብቻውን ቀረ። ጉብዝናው ብቸኝነት አመጣበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሱ ሊያነበው የሚችለው መጽሐፍ ቀላል ነው፤ በጆሮው ሊረዳው ከሚችለው በጣም ያነሰ። ስለዚህ ማንበብ ከጀመረም በኋላ ዓመታት አንብቡለት። አንድ ገጽ እናንተ፣ አንድ ገጽ እሱ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅም ቢሆን ጥሩ ታሪክ ሲነበብለት ይወዳል፣ ላያምን ይችላል እንጂ።

ምርጫውን ለልጁ ተዉለት። ስለ ኳስ ብቻ የሚያነብ ወንድም ካላችሁ ተዉት፣ ስለ ኳስ ያንብብ። የሥዕል ታሪክ የምትወድ እህት ካለቻችሁ የሥዕል ታሪክ ታንብብ። ወላጆች መጥተው "እባክዎ ቁም ነገር ያለው ስጧት" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ልጅቷ የፈለገችውን እንድትወስድ እለምናቸው ነበር። ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ ለተማሪዎች ሰጡ። ንባብ ላይ ደካማ የሚባሉ ግን ጨዋታውን የሚያውቁ ልጆች፣ ንባብ ላይ ጎበዝ የሚባሉ ግን ስለ ጨዋታው የማያውቁትን በልጠው ተረዱት። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ ጎበዝ ይሆናል፣ ጎበዝ መሆኑን ሲያይ ደግሞ ሌላ ያነባል። መጀመሪያ በሚወደው በር ይግባ።

ስለ ሽልማት የምለው አለኝ። "ይሄን ከጨረስክ ብር እሰጥሃለሁ" አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ከፊሎቹን "ከሳላችሁ ሽልማት አለ" አሏቸው። በኋላ ሽልማቱ ሲቀር እነዚህ ልጆች ምንም ካልተነገራቸው ልጆች ያነሰ ጊዜ ሣሉ። ይወዱት የነበረው ነገር ሥራ ሆነባቸው። ንባብን ቅጣት ማድረግ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። "አጥፍተሃል፣ ሂድና መጽሐፍህን ይዘህ ተቀመጥ" የተባለ ልጅ መጽሐፍን ምን ብሎ እንደሚያስታውሰው አስቡት።

ሰዓት የለንም ትሉኛላችሁ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ ማንበብ ጀመረ፣ ነገሩ ከዚያ ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ደንቡ አራት ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ያንብብ፣ በየቀኑ ይሁን፣ የወደዱትን መጽሐፍ ይሁን፣ ማንበብ ብቻ ይሁን። ሁሉም ሲባል መምህሩም ጭምር ነው። ማንበብ ብቻ ሲባል ደግሞ ማጠቃለያ ጻፉ፣ ሪፖርት አቅርቡ የሚባል የለም። ይሄን ቤታችሁ ውስጥ መጀመር ትችላላችሁ። አባትም ጋዜጣውን፣ እናትም የፈለገችውን፣ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ አሥር ደቂቃ። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስልክ ላይ ማንበብን እየነቀፍኩ አይደለም፤ መጽሐፍ ለማግኘት ሌላ መንገድ የሌለው ሰው በስልክ ያንብብ። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ የተሻለ እንደሚገባ፣ ልብ ወለድ ላይ ግን ይህ ልዩነት እንዳልታየ አግኝቷል። ለፈተና ስታጠኑም ይጠቅማችኋል።

ቤታችን ደሃ ነው፣ ወላጆቻችን አልተማሩም ብላችሁ ተስፋ የምትቆርጡ ካላችሁ ይሄን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 በብዙ አገሮች 15 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና ሲፈተኑ፣ ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ግን ንባብን በጣም የሚወዱ ተማሪዎች፣ ከተሻለ ቤተሰብ መጥተው ንባብ ከማይወዱት የበለጠ ውጤት አመጡ። በ27 አገሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናትም፣ መጽሐፍ ያለበት ቤት ያደጉ ልጆች በትምህርት ረጅም እንደሚገፉ፣ ጥቅሙም ይበልጥ የሚታየው ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ያልተማሩ እናትና አባት ደግሞ ተረት አላቸው፤ እነሱ ይናገሩ፣ እናንተ ጻፉት፣ ታናሻችሁ ያንብበው። ቋንቋውም ቤት ውስጥ የምትናገሩት ይሁን። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢማር እንደሚሻል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሪፖርት ተናግሯል፣ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል የሚለቅም ልጅ፣ ቀደም ሲል ባነሳሁት የማባዛት ስሌት ላይ ቋንቋውን የመረዳቱ ቁጥር ዜሮ ነው።

መጽሐፍ ያልደረሰበት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሰው ምን እንዳደረገ እዩ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሉዊስ ሶሪያኖ የተባለ መምህር በሁለት አህዮች መጻሕፍት ጭኖ በየገጠሩ ይዞር ጀመር። ኬንያ ውስጥ ጋሪሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ግመሎች ለአርብቶ አደር ልጆች መጽሐፍ ማድረስ ጀመሩ። በሐዋሳም አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት ልጆችን አስነብቧል። እናንተ አህያም ግመልም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አምስት ጓደኛሞች በየቤታችሁ ያለውን መጽሐፍ አውጥታችሁ ብትለዋወጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስባችሁ አንድ ሰዓት ብታነቡላቸው በቂ ጅምር ነው። ሁለት ሕፃን ከመጣ ለሁለቱ አንብቡ።

ራሳችሁ ማንበብ ያቆማችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ። የፈተና መጽሐፍ ብዙ ሰው ከንባብ ጋር አጣልቷል። ተመልሳችሁ ስትጀምሩ ወፍራሙንና የተከበረውን አትምረጡ፣ ያጓጓችሁን ምረጡ። ሃምሳ ገጽ ሄዳችሁ ካልጣማችሁ ዝጉትና ሌላ ያዙ፤ መጽሐፍን መጨረስ ግዴታ አይደለም፣ ለልጁም ግዴታ አታድርጉበት። ስትስቁበት ጮክ ብላችሁ ሳቁ። ታናሻችሁ "ምንድን ነው?" ብሎ ሲመጣ ያሳቃችሁን ቦታ አንብቡለት። መሀል ላይ ተነስቶ ከሄደ አትጥሩት፣ አትቆጡትም። በማግስቱ ካቆማችሁበት ቀጥሉ፣ ካልመጣ ለራሳችሁ አንብቡ፤ ታሪኩ ልብ በሚሰቅልበት ቦታ ላይ መዝጋታችሁን ግን አትርሱ፣ ቀጣዩን ለማወቅ ራሱ መጽሐፉን ይዞላችሁ ይመጣል።