ልጄ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ጠበል ላጠጣው? ጥምቀቱስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድ ልጄ በ29 ሳምንቱ ተወለደ፤ ዛሬ 12 ቀኑ ነው። 1,150 ግራም ይመዝናል። በአፍንጫው ኦክስጅን፣ በቀጭን ቱቦ ደግሞ ወተት ይሰጠዋል። ዘመዶቼ “ጥቂት ጠበል በአፉ ጠብ አድርጊለት” ይሉኛል፤ ነርሶቹ ግን ከለከሉኝ። 40 ቀን ሳይሞላው አንድ ነገር ቢሆንስ? አራስ ሆኜ መጸለይና እርሱን መንካትስ ይገባኛል? ወይስ ይህ ሁሉ የመጣው በኃጢአቴ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከመጨረሻው ልጀምር። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሠሩ መልሷል (ዮሐ. 9፥3)። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ሲታወቅም የእናት ደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን ወይም የእንሽርት ውኃ ቀድሞ መፍሰስ ሆኖ ይገኛል። ለንስሐ አባትሽ የምትናዘዢው ነገር አይደለም።

ጠበሉን በአፉ አትስጪው። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት የሚጀምረው በ34 ሳምንት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት በአፉ የገባ ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ኩላሊቱ ገና አልጠነከረም፤ ስለዚህ ትርፍ ውኃ በደሙ ያለውን ጨው አቅጥኖ እስከ መንዘፍዘፍ ሊያደርሰው ይችላል። በዕቃ ተቀድቶ የቆየ ውኃም አዋቂን የማይጎዳ ተሕዋስ ይዞ የእርሱን አንጀት ሊያቆስል ይችላል። ነርሶቹን መስማት እምነት ማጉደል አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር የሚለው እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው። ጠበሉ አይቀርበትም፣ ሲያድግ ይደርስበታል። ዕጣንና ጧፍም ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ጢሱ ሳንባውን ይጎዳል፣ ኦክስጅን ባለበት ደግሞ እሳት በቅጽበት ይቀጣጠላል።

አራስነትሽን በተመለከተ፣ የ40 እና የ80 ቀኑ ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት እንጂ ስለ ልጅሽ መኝታ አይናገርም። ጸሎትም አልተከለከለብሽም። እንዲያውም በዚህ ሰዓት ከአንቺ በቀር ሌላ ሰው ሊሰጠው የማይችለው ነገር አለ፤ እርሱም ወተትሽ ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መታለብ አለበት፤ ጡት በተደጋጋሚ ካልታለበ ሰውነት “አያስፈልግም” ብሎ ያቆማልና። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት አስቢያቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። በየጸሎቱ ሰዓት እለቢ፤ ከመንፈቀ ሌሊት እስከ ነግህ ያለው ክፍተት ስለሚረዝም ወደ 9 ሰዓት ሌሊት አንድ ጨምሪና 8 ይሞላል። የሌሊቱን አትዝለዪ፤ ወተት የሚያመርተው ሆርሞን የሚበረታው ሌሊት ነው። ቆመሽ መጸለይ ካልቻልሽ እያለብሽ “አባታችን ሆይ” በዪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣም እንገር ነውና አይጣል። በየዕቃው ላይ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ አቀማመጡን የክፍሉ ነርሶች ባሉሽ መንገድ ብቻ አድርጊ። ጾሙ አሁን አይመለከትሽም። ብዪ፣ ጠጪ።

መንካቱን ደግሞ አትፍሪ። በመጀመሪያ ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ወልቆ እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠብ። ቆዳው ስስ ስለሆነ መዳበስና ማሻሸት ይረብሸዋል። አንድ እጅሽን በራሱ ላይ፣ ሌላውን በእግሮቹ ላይ አሳርፈሽ ሳታንቀሳቅሺ ቆዪ። ካህን ሲባርክ እጁን እንደሚጭን ማለት ነው። ዳዊት ብትደግሚለት ድምፅሽ ዝቅ ይበል፤ የማሞቂያ ሣጥኑ ድምፅ ስለሚያጎላ መዝሙር የሚያሰማ ስልክ አጠገቡ አይቀመጥ።

ነርሷ ስትፈቅድ በደረትሽ ላይ እቀፊው። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ፣ እንደ እንቁራሪት እግሩን አጥፎ፣ በጡቶችሽ መካከል ቀጥ ብሎ ይተኛ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይዙር፣ አገጩ በደረቱ ላይ አይደፋ፤ ከተደፋ የአየር መንገዱ ይዘጋል። መነሣትና መመለስ ራሱ ስለሚያደክመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። አባቱም ይችላል። የአንገትሽ መስቀል ቆዳውን እንዳይጫነው ወደ ጀርባሽ አዙሪው። ልጁን የሚከታተለው መሣሪያ ቢጮህ መጀመሪያ ልጁን እዪ፦ ቀለሙን፣ ደረቱን። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች መተንፈስ ለአፍታ ይረሳሉ፤ ነርሷ እግሩን ነካ ስታደርገው ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ወደ ጥምቀቱ ልምጣ። 40 ቀኑ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፤ ይወለዳል ተብሎ ከተጠበቀበት ቀን አይደለም። ያን ጊዜ ልጅሽ ገና ወደ 35 ሳምንት ይጠጋል፣ ምናልባትም ከሆስፒታል አልወጣም ይሆናል። እየበረታ ከሆነ እስኪወጣ መዘግየቱ በደል አይደለም። ሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን 40 ቀን አይጠበቅም፤ ሕፃን ለሞት ሲያሰጋ ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል። በሌሊት በድንጋጤ ከመሯሯጥ ባለቤትሽ ዛሬውኑ ንስሐ አባታችሁን ያነጋግር፤ የክርስትና አባቱን ይምረጥ፤ ካህን መግባት ስለሚችልበት ሁኔታ የክፍሉን ኃላፊ ይጠይቅ።

ካህኑም ሁኔታውን አስቀድመው ይወቁት። እርጥብ ገላ ሙቀት ያስወጣል፤ የቀዘቀዘ ጨቅላ ደግሞ ኦክስጅኑንና በደሙ ያለውን ስኳር ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ውኃው ንጹሕ፣ ለብ ያለና ጥቂት ይሁን፤ በመድፈቅ ፋንታ ሦስት ጊዜ በራሱ ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ወዲያው ይደረቅና ኮፍያው ይመለስ። የእጅ መስቀሉ በአልኮል ተጠርጎ ይግባ። ማዕተቡ በአንገቱ አይታሰር፤ ከቱቦዎቹ ጋር ሊጠላለፍና ሊያንቀው ይችላልና በንጹሕ ፕላስቲክ ተደርጎ ከሣጥኑ ውጭ ይለጠፍ። ቅዱስ ቁርባኑን መቼና እንዴት እንደሚቀበል ካህኑ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ፤ መዋጥ እስኪችል መቆየት ሊያስፈልገው ይችላል።

ድኖ ሲወጣ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ በጸሎተ ሃይማኖት “ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት” (በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) እንላለንና።