ሁለት ካምፓስ ሌላ፣ ሁለት ኮሌጅ ሌላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የፎል ምዝገባ በቀረበ ቁጥር «አንዱን ክላስ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ብወስድስ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡትን አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አናንዴል ይማራል ስል ሰንብቼ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ማናሰስ እሄዳለሁ ይለኛል። አባረውት ይሆን? ውጤቱን ልጠይቅ ብደውል ደግሞ «አንናገርም» አሉኝ፤ ከፋዩ እኔ ሆኜ! (አንድ አባት፣ ከስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ አባቴ፣ ልብዎን ያሳርፉ። ሁለቱም ኖቫ የምንለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ካምፓሶች ናቸው። ኖቫ ስድስት ካምፓስ ቢኖረውም ትራንስክሪፕቱም ዲፕሎማውም አንድ ነው። ልጅዎ የፈለገው ሰዓት አናንዴል ሞልቶበት ይሆናል። ውጤቱን በተመለከተ ግን እውነታቸውን ነው። ፌርፓ በሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ልጁ ኮሌጅ ከገባ 18 ዓመት ባይሞላው እንኳ የመዝገቡ ባለመብት ራሱ ነው። ታክስ ሲያስገቡ በጥገኝነት ካስመዘገቡት ኮሌጁ ሊያሳይዎት ይችላል፣ አይገደድም። ልጁ የፈቃድ ፎርም ቢፈርምልዎ ይቀላል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ እራት ላይ ስልኩን ከፍቶ እንዲያሳይዎት መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ኖቫ 6 ክሬዲት ይዣለሁ። ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ሌላ 6 ክሬዲት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብወስድ ፔል ግራንቴ (የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ሙሉ ይሆናል? ጓደኛዬ «ከሁለቱም ይከፈልሻል» ብላኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽን ምክር ብትከተዪ መጨረሻው «ገንዘቡን መልሺ» የሚል ደብዳቤ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ኮሌጅ ፔል መቀበል ክልክል ነው። እነዚህ ደግሞ በሁለት ግዛት፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ያሉ ሁለት ኮሌጆች እንጂ የአንድ ኮሌጅ ካምፓሶች አይደሉም። ፔል አሁን የሚሰላው በያዝሽው ክሬዲት ልክ ነው፤ 12 ሙሉ፣ 6 ግማሽ። ሞንትጎመሪ የወሰድሽውን 6 ኖቫ አይቆጥርልሽም። እንዲደመር ከተፈለገ ሁለቱ ኮሌጆች ኮንሶርቲየም የሚባል ስምምነት በአንቺ ስም መፈራረም አለባቸው፤ ያኔም የሚከፍለው አንዱ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪሽን የሚሰጥሽ ኮሌጅ ነው። መፈራረም ግዴታቸው አይደለም። የምትወስጂውም ክላስ ለዲግሪሽ የሚያስፈልግ መሆን አለበት። ስለዚህ ሳትመዘገቢ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂጂ፤ በቃል «ይሆናል» ቢሉሽ በጽሑፍ ካልሰጡሽ አትመኚው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላው ሜሪላንድና ከግዛቱ ውጪ ለሚመጣ ሦስት የተለያየ ዋጋ አለው። አንቺ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነሽና የምትከፍዪው ትልቁን ነው። ከትራፊክ የተረፈሽ ሰዓት በክፍያ ይሄዳል ማለት ነው፤ ለእኔ አያዋጣም። መጀመሪያ ያንኑ ክላስ ከኖቫ በኦንላይን ፈልጊ። ካጣሽ፣ 23ቱ የቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጆች የኮርስ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ፣ ከሌላው የወሰድሽው ብዙ ሳያከራክር ይያዝልሻል።

ጥያቄ፦ ኖቫ ነርሲንግ ልጀምር ነው። አሌክሳንድሪያ ካምፓስ መጨረስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንግሊዝኛውን፣ ሳይኮሎጂውንና የመሳሰለውን፣ አዎ። ነርሲንጉ ራሱ ግን የሚሰጠው ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓስ ነው።

ጥያቄ፦ ኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) ነኝ። አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን የኮሌጅ ወረቀት) በሰጠኝ ኮሌጅ የምፈልገው ክላስ ሞልቷል። ሌላ ኮሌጅ ብወስደው ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሁለቱ ድምር ሙሉ ጊዜ፣ ማለትም 12 ክሬዲት መሙላት አለበት፤ አይ-20 የሰጠህ ኮሌጅም ዲግሪህን የምትቀበልበት መሆን አለበት። ግን ከመመዝገብህ በፊት ዲኤስኦ የሚባለውን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ አስፈቅድ። ከ12ቱ ውስጥ በኦንላይን የሚቆጠርልህ ደግሞ አንድ ክላስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሰሚስተሩ መሃል ላይ ቢከብድህም ሳታስፈቅድ ክላስ እንዳትጥል። «እኔም ጥዬ ነበር፣ ምን ሆንኩ?» የሚልህን ሰው መጀመሪያ ግሪን ካርድ እንዳለው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ከሥራ ወጥቼ ጠዋት ታኮማ ፓርክ፣ ከሰዓት ሮክቪል ክላስ አለኝ፤ በመሃሉ ሁለት ሰዓት አለ። መኪና የለኝም። ይበቃኛል?

መልስ፦ ካርታውን ላየ ይበቃሻል። ሁለቱም የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ካምፓሶች ቀዩ የሜትሮ መስመር አጠገብ ናቸው። መስመሩ ግን ከታኮማ ተነስቶ ዲሲ መሃል ድረስ ይወርድና ዞሮ በቤተስዳ በኩል ወደ ሮክቪል ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግን ከቤተስዳ በቀጥታ የሚያገናኘው ሐምራዊ መስመር ግንባታው አላለቀም። ራይድ ኦን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ነጻ መሆኑ ለኪስሽ ጥሩ ነው፣ ለሰዓትሽ ግን ጥበቃው አለ። ባቡሩ ትንሽ በዘገየ ቁጥር የሚቆረጠው ከምሳሽ ነው፤ ሌሊቱን ሠርተሽ ደግሞ እንቅልፍሽ ባቡር ላይ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ክላሶችሽን በሰዓት ሳይሆን በቀን ለያዪአቸው፦ ሰኞና ረቡዕ ታኮማ ፓርክ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሮክቪል። የሮክቪሉ ክላስ ታኮማ ፓርክም የሚሰጥ ሆኖ ከሞላብሽ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ ግቢ። የክፍያው ቀነ ገደብ ባለፈ ማግሥት ያልከፈሉ ተማሪዎች ስለሚሰረዙ፣ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ ኢሜይልሽን በዚያ ቀን ደጋግመሽ እዪ።